አስቸኳይ! የሙሽራው ጫማ ተወስዷል፣ ምን ላድርግ?

ላሆር ያለሁት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ሰርግ ላይ ነኝ፣ ዱባይ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እያገባ ነው። ለኒካው፣ ማለትም ለጋብቻ ውሉ፣ ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጫማውን አውልቆ «ጠብቅልኝ» አለኝ። አንዲት ልጅ ፎቶ እንነሳ ብላ ጎተተችኝ። ዞር ስል ጫማው የለም! አሁን የሙሽሪት እህቶችና የአጎቷ ልጆች ከበውኝ 100 ሺህ ሩፒ ይሉኛል። ይስቃሉ ግን አይለቁም። ከፋዩ እኔ ነኝ እንዴ? ቶሎ በሉ!

ሚዜው፦
ሃሃሃ! ክፈልና ተገላገል።

አንጋፋው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሥርዓቱን እወቅ። የገጠመህ ነገር «ጁታ ቹፓይ» ይባላል፣ የጫማ ድበቃ ነው። የፓኪስታን ሰርግ በአንድ ቀን አያልቅም። ሂና የሚቀባበት የሜህንዲ ማታ አለ፤ ቢጫና አረንጓዴው የሚደምቀው ያኔ ነው። ቀጥሎ ባራት፣ የሙሽራው ወገን በከበሮ እየጨፈረ የሚመጣበት። መጨረሻ ላይ ቫሊማ፣ የሙሽራው ቤተሰብ የሚደግሰው። ስለ ሜህንዲ በዝርዝር…

ላሆር ያለሁት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጫማውስ?

ቆራጡ፦
ይሄ ምኑ ባህል ነው? የሰው ንብረት ወስዶ ገንዘብ መጠየቅ! ለአዳራሹ ጥበቃ ንገር።

የሻርጃዋ፦
ኧረ ተው! ጥበቃ ጠርቶ የሰው ሰርግ ሊበጠብጥ ነው? የእኛስ ሚዜዎች በር ላይ ተይዘው ሲለማመጡ አላየህም?
ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ከፋዩ አንተ አይደለህም። ከሙሽራው ኪስ ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ ለዚሁ ተብሎ ፖስታ ይዘጋጃል፣ ታላቅ ወንድሙን ጠይቅ። ያንተ ሥራ መከራከር ነው። ዝም ብለህ ከከፈልክ ልጆቹ ራሳቸው ይከፋቸዋል፣ ደስታው ጭቅጭቁ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ የመርካቶ ዋጋ በለው፣ ከአሥር አንዱን ጥራ። ደግሞ አያቶቹ የተቀመጡበትን እይ። እኔ በነበርኩበት ሰርግ ጫማው አያትየዋ ቀሚስ ሥር ነበር። እሳቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ምንም እንደማያውቁ ሆነው ቁጭ ብለዋል!

ሚዜው፦
እኮ፣ ክፈልና ተገላገል።

ሒሳብ ክፍል፦
ሰዓቱን አትርሳ። ላሆር ፑንጃብ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። እዚያ እ.አ.አ. በ2016 የወጣ የሰርግ ሕግ አለ። ድግስ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለቅ አለበት። ምግቡም የተወሰነ ነው፦ አንድ ዓይነት ወጥ፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ሰላጣ፣ አንድ ጣፋጭ። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ፣ ሰዓቱ ሲቃረብ ዋጋው ይወርዳል። ምግብ ተከፈተ ሲባል ግን ክርክሩን ትተህ ሳህን ያዝ። ሰዉ ወደ ቢርያኒው ሲተም ቀድሞ ያልቆመ ሥጋ አያገኝም።

ላሆር ያለሁት፦
ተባረኩ! ፖስታው ወንድሙ ጋ አለ። 10 ሺህ ስላቸው ጮኹብኝ፣ 80 ሺህ ደርሰዋል። ግን አሁን ደግሞ አንዷ በአበባ ያጌጠ ብርጭቆ ሙሉ ወተት ይዛ መጣች። ለሙሽራው ነው ትላለች። ይጠጣ?

የሻርጃዋ፦
ዋጋ ሳይቆረጥ እንዳይጠጣ! «ዱድ ፒላይ» ነው፣ እሱም ይከፈልበታል። «ወተቱም ጫማውም በአንድ ፖስታ» በላቸው፣ ሙጭጭ በል።

ቆራጡ፦
ወተትም በክፍያ? አሁንም ጥበቃ እላለሁ።

አንጋፋው፦
ዱድ ፒላይን በተመለከተ፣ ብርጭቆውን የምታቀርበው የሙሽሪት እህት ስትሆን…

ሚዜው፦
ጠጣው እንዴ?

የሻርጃዋ፦
ወንድሜ፣ የት ደረስክ? 4 ሰዓት እኮ አለፈ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ እኔም ካራቺ ሰርግ ተጠርቻለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

ሒሳብ ክፍል፦
ሰላሚ፣ ማለትም ጥሬ ገንዘብ በፖስታ። ብሩ ያልታጠፈ አዲስ ይሁን፣ ፖስታው ላይ ስምህን ጻፍ፤ ማን ምን ሰጠ ብለው ይመዘግባሉ። ጫማ ጠብቅ ካሉህ ደግሞ ለሌላ ሰው አሳልፍ።