«ግንባሩ ረግቷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (ፈረንጅ አራዳ)፦
ሬዲዮ ስለ ዩክሬን ሲያወራ «ግንባሩ ረግቷል፤ ከእንግዲህ የሚወስነው እርዳታው ነው» አለ። እዚህ ጅማ ግማሹ ሰው «ጦርነቱ በርዷል» ብሎ ተረዳው፣ ግማሹ «ተኩስ ቆሟል» ብሎ። ለተማሪዎች የቱ ይነገር?

ባለቅኔው፦
ከግሱ ተነሥ። ግእዙ ረግዐ ነው። ዘጸአት 15 ቁጥር 8 ላይ ሞገዱ በባሕር ውስጥ ረጋ ይላል። በረደ ማለት ነው? ተገትሮ ቆመ እንጂ! ኋላ በፈርዖን ሠራዊት ላይ ተመልሷል።

የሂርማታ፦
አልስማማም። ወተት አንዴ ከረጋ ተመልሶ ወተት አይሆንም። «ረጋ» ውስጥ መለወጥ አለ። ኮሪያን እዩ፦ እ.ኤ.አ. በ1953 የተኩስ አቁሙ ሲፈረም ድንበር የሆነው የድሮው 38ኛው ኬክሮስ አይደለም፣ ጦሩ የቆመበት መስመር ነው። የሰላም ውል እስከ ዛሬ የለም። የዩክሬንም መጨረሻ ወደዚያ የሚያደላ ይመስለኛል።

ባለቅኔው፦
ኮሪያማ ለእኔ ይመሰክራል። መስመሩ ከ1951 አጋማሽ ጀምሮ ብዙም አልተነቃነቀም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን እየተደራደሩ በኮረብታ ላይ ይተላለቁ ነበር። የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በዚያው ጊዜ ነው። ረግቷል፣ አልበረደም።

ቆጪ፦
ግሱ ረግአ በአልፍም ተጽፎ ይገኛል።

ባለቅኔው፦
ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ዐይኑን «ዐ» በአልፍ «አ» አይተካም።

የአወይቱ፦
ስለ ፊደል ስንጣላ ዋናው ተረሳ። መስመሩን ያረጋው ምንድን ነው? አንድ የ155 ሚሊሜትር ጥይት ቀለሁ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ፈንጂ፣ ፊውዝ፣ አስወንጫፊ ባሩድ ይፈልጋል። ባሩዱ ከጥጥ በሚሠራ ናይትሮሴሉሎስ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ እሱ ሲያጥር ፋብሪካው ቀለህ ቢከምርም መድፉ ዝም ይላል። አፈሙዙም በተኩስ ብዛት ይበላል፣ መቀየሪያ ካልመጣ ኢላማ ይስታል። ዋይት ሐውስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ለዩክሬን የጠየቀው ገንዘብ፣ 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በኮንግረስ የጸደቀው በሚያዝያ 2024 ነው። በመሀሉ፣ በየካቲት፣ ጥይት ያጠረው የዩክሬን ጦር አቭዲቭካ የምትባለውን ከተማ ለቀቀ። እርዳታ ሲዘገይ የረጋው ይፈሳል።

የሂርማታ፦
ኦጋዴንም እንዲሁ ነው። ሶቪየት ፊቷን ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ አዞረች፣ ኩባ ወታደር ላከች፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ተያዘ። ያኔ ግን ግንባሩ አልረጋም፣ ተገለበጠ። ልዩነቱ እርዳታው ለአንዱ ቆሞ ለሌላው በአንድ ጊዜ መጉረፉ ነው።

ቆጪ፦
«እርዳታ» ማለቱስ ልክ ነው? ሥሩ ረድአ ነው፤ በገዳም ረድእ የሚያገለግል እንጂ የሚያዝ አይደለም። እነዚህ ለዩክሬን የሚሰጡ አገሮች ግን የሰጡት መሣሪያ የት እንደሚተኮስ ጭምር ይወስናሉ። ቡድን ሰባት እ.ኤ.አ. በ2024 የተስማማበት 50 ቢሊዮን ዶላርማ ከታገደው የሩሲያ ሀብት ትርፍ የሚከፈል ብድር ነው።

ባለቅኔው፦
ረድኤት ከላይ ወደ ታች ነው። ሰጪው ቢያዝ ግሱን አይጥስም።

ቆጪ፦
ብድር ግን ረድኤት አይባልም። ከየትኛው መጽሐፍ ነው ያገኘኸው?