ክሌፕ፣ ዲኤስኤስቲ ወይስ ሶፊያ? ሥራ እየሠራችሁ ዲግሪ ለምትማሩ አንድ ጥቆማ

"ሥራ አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ኦንላይን ዲግሪ ጀምሬያለሁ። ተፈትኖ ክሬዲት ማግኘት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የቱ ያዋጣኛል?" አሜሪካ ያለን ሐበሾች ይህን ጥያቄ ደጋግመን እንጠይቃለን። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ክሌፕ የሚባለውን ፈተና ውሰጂ" ብቻ ነው። መጥፎ ምክር አይደለም፣ ግን ይጎድለዋል።

ከዋጋውም ከቅለቱም በፊት የሚታየው ትምህርት ቤታችሁ ነው። ፈተናውን አልፋችሁ ክሬዲቱን ካልተቀበሏችሁ ገንዘቡም ድካሙም ውኃ በላው። በዚህ በኩል ለአዋቂ ተማሪ የሚመቹ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሜሪላንድ ላይ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ግሎባል ካምፓስ (ዩኤምጂሲ) ለባችለር ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት እስከ 90 የሚደርሰውን ከሌላ ትምህርት ቤትም ሆነ ከፈተና ይቀበላል። የኒው ጀርሲው ቶማስ ኤዲሰን፣ የኮነቲከቱ ቻርተር ኦክ እና የኒው ዮርኩ ኤክሴልሲየር ደግሞ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ታስበው የተቋቋሙ ናቸው። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ አድቫይዘራችሁን በኢሜይል ጠይቁ። በስልክ አይደለም፣ በኢሜይል። መልሱ በጽሑፍ እጃችሁ ላይ ይኑር። ጥያቄውም "ክሌፕ ትቀበላላችሁ ወይ?" አይሁን። "ይህ ፈተና በእኔ ዲግሪ ውስጥ የትኛውን ኮርስ ይተካልኛል?" በሉ። "እንቀበላለን" ብለው ምንም በማይጠቅም ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ውስጥ የሚወረውሩት ብዙ ነው።

አሁን ወደ ፈተናዎቹ።

ክሌፕን የሚያዘጋጀው ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። 34 ፈተናዎች አሉት፤ አብዛኞቹ 90 ደቂቃ ይፈጃሉ። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን ብዙ ኮሌጆች 50 ካመጣችሁ ይበቃቸዋል። ክፍያው ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፤ በዚያ ላይ የፈተና ጣቢያው የራሱን ጥቂት ይጨምራል። በዩኒቨርሲቲ የሦስት ክሬዲት ኮርስ ብዙ ቦታ ከሺህ ዶላር እንደሚያልፍ አስቡት። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ያላወቃችሁትን ባዶ አትተዉ። ከወደቃችሁ ግን ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ።

ያ 100 ዶላርም ቢሆን ላይወጣ ይችላል። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ለክሌፕ የሚያዘጋጁ ኮርሶችን በነፃ ይሰጣል። ኮርሱን ከጨረሳችሁ ለፈተናው ክፍያ ቫውቸር ይሰጣችኋል። የመጀመሪያ ምርጫዬ ይኼ ነው፤ ከኪስ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነዋ። ትምህርቱ ግን አንዳንዴ ደረቅ ነው፣ ብቻውንም አይበቃም። ሒሳብ ከሆነ ካን አካዳሚ የሚባለውን ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ጨምሩበት። ብዙ የካውንቲ ቤተ መጻሕፍትም በካርዳችሁ ብቻ የልምምድ ፈተና በነፃ ያሠሯችኋል።

ከየቱ ፈተና ይጀመር? አገር ቤት እስከ 12ኛ ለተማረ ሰው ኮሌጅ አልጀብራ ወይም ኮሌጅ ማቴማቲክስ ጥሩ መነሻ ነው። ቁጥር ቋንቋ አይመርጥም፣ ትንሽ ካፍታቱት ይመለሳል። ሶሺዮሎጂና ፕሪንሲፕልስ ኦፍ ማኔጅመንትም ደህና ናቸው። የአሜሪካ መንግሥትና ታሪክ ፈተናዎች ግን እዚህ ሃይስኩል የተማረ ልጅ ሲወራ የሰማውን ሁሉ ከዜሮ እንድታነቡ ያስገድዷችኋል። ለዜግነት ያጠናችሁት ጥያቄ አይበቃም። ነርሲንግ ያሰባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የክሌፕ ባዮሎጂ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን አይተካም። እነሱ ከነላብራቶሪያቸው ይፈለጋሉ።

ዲኤስኤስቲ የክሌፕ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው ተቀራራቢ ነው፣ የሚቀበሉት ኮሌጆች ግን ያንሳሉ። ታዲያ ለምን? ክሌፕ የሌሉት ትምህርቶች ስላሉት፤ ፐርሰናል ፋይናንስ፣ የዓለም ሃይማኖቶች፣ ቢዝነስ ኤቲክስ። አንዳንዶቹ የላይኛው ዓመት ክሬዲት ተደርገው ይታያሉ፤ የክሌፕ ግን ሁሉም የታችኛው ዓመት ነው። የወደቀ በ30 ቀን ይደግማል።

ሶፊያ ሌላ ነገር ነው፤ ፈተና ሳይሆን የኦንላይን ኮርሶች ድረ ገጽ ነው። በወር 99 ዶላር ገደማ ትከፍሉና በራሳችሁ ፍጥነት ኮርስ ትወስዳላችሁ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ኮርስ መክፈት ይቻላል። ሁሉም ነገር በአንድ ፈተና አይወሰንም፣ ነጥቡ በየምዕራፉ ጥያቄዎች ይጠራቀማል። አንድ ትልቅ ፈተና ሲደቀንባቸው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ እንግሊዝኛ ለማንበብ ረዘም ያለ ጊዜ ለሚፈልጉ ሰዎች እኔ ሶፊያን እመርጣለሁ። ዩኤምጂሲ ይቀበለዋል፤ ጠንከር ያሉ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ብዙዎቹ ፊት ይነሱታል። ከከፈላችሁ ወሩን ተጠቀሙበት፤ ጂም ተመዝግቦ እንደመቅረት ነው ካልሆነ።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ። ክሌፕ አማርኛ የለውም፤ ከቋንቋ ያለው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነው። አክትፍል የሚባለው ድርጅት ግን በአማርኛ የቃል ቃለ መጠይቅ አለው፣ ኦፒአይ ይሉታል። በስልክ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያነጋግሯችኋል፤ በደረጃችሁ መጠን ክሬዲት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። ከክሌፕ ይወደዳል። የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ለሚጠይቅ ዲግሪ ግን ግሩም ነው፤ የማይጠይቅ ከሆነ ተዉት።

"አማርኛማ አፌን የፈታሁበት ነው" ብላችሁ ሳትዘጋጁ አትግቡ። ጠያቂው ከቀላል ነገር ይጀምራል፤ ስለ ሥራችሁ፣ ስለ ሰፈራችሁ። ቀጥሎ ያለፈ ነገር ያስተርካችኋል። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለምሳሌ የቤት ኪራይ መናር ለምን እንደመጣ፣ መንግሥት ጣልቃ ባይገባ ምን ሊሆን እንደሚችል። እዚህ ላይ ነው ጨዋነታችን የሚጎዳን። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ዝም ማለት ቤት ውስጥ ያስመሰግናል፣ እዚህ ደረጃ ያወርዳል። ዘርዝሩ፣ ተከራከሩ፣ ምክንያት ስጡ። "ሺፍቴን ቼንጅ አድርጌ፣ ካሬን ፓርክ አድርጌ" የሚለውን አማርኛም ለዚያች ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት።

ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ድጎማ) ክፍያችሁን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንላችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ከመቸኮላችሁ በፊት አስሉት። በፈተና የመጣ ክሬዲት ለሴሚስተሩ እንደ ተመዘገባችሁበት ኮርስ አይቆጠርም። ስለዚህ ኮርስ ቀንሳችሁ ፈተና ብትወስዱ ግራንቱም አብሮ ሊቀንስ ይችላል፤ ያተረፋችሁት ጊዜ ብቻ ይሆናል። በኤፍ 1 ቪዛ ያላችሁም የሙሉ ጊዜ ምዝገባችሁን በፈተና ማሟላት አትችሉም፤ ኮርስ ከመጣላችሁ በፊት የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮውን አነጋግሩ።