ጎረቤት እዚህ እንዴት ነው የሚተዋወቀው?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ሥራም ቤትም አግኝቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ያለሁበት ፎቅ ላይ አሥራ ሁለት በር አለ፣ የአንዱንም ሰው ስም አላውቅም። ሊፍት ውስጥ «ሃው አር ዩ» ይሉኛል፤ መልሱ አፌ ላይ እያለ በሩ ተከፍቶ ይወጣሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሐበሻ ጋር ስጫወት እውላለሁ። ቤቴ ስመለስ ዝም ነው። ባለፈው ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ተኛሁ፣ በሬን ያንኳኳው የአማዞን ልጅ ብቻ ነው። ዶሮ ወጥ ሠርቼ በየበሩ ልዙር እንዴ? እናንተ እንዴት ተላመዳችሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

እህቴ፣ ዶሮ ወጡን ለጊዜው ተይው። እኔ ሞክሬዋለሁ።

አሁን ያለንበት ሰፈር በገባን በሳምንቱ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ ውዬ ለግራና ለቀኝ ጎረቤት በሳህን ወሰድኩ። ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። አንደኛዋ ለካ ሥጋ አትበላም። አንደኛው አዛውንት ደግሞ አንዴ ቀምሰው ውሃ ሲጠጡ አመሹ (ይህን የነገሩኝ ከዓመት በኋላ ነው)። በማግስቱ ሳህኔን አጥበው፣ አድርቀው፣ ከምስጋና ካርድ ጋር መለሱልኝ። ባዶውን! እኔ ያደግኩት ሳህን ባዶውን አይመለስም እየተባልኩ ነው፤ ሌላው ቢቀር ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ተቀይሜ ለባለቤቴ ሳወራ አመሸሁ። ለካ ሎሚው ካርዱ ኖሯል።

ነገሩ የተለወጠው በበረዶ ነው። እንደ ፈረንጆቹ የ2016ቱን የጥር በረዶ እዚህ አካባቢ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ዓርብ ጀመረ፣ ቅዳሜን ሙሉ ጣለ፣ የሜትሮ ባቡሩ ቅዳሜና እሁድ ተዘጋ። እሁድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ እኛ ግን በራችንን መግፋት አቃተን። እኛ ባለንበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በረዶው ካባራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤትሽ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታሽ ነው። አካፋ የለንም። ሄደን እንዳንገዛ መኪናችን ራሱ የት እንዳለ አይታይም። ባለቤቴ የቆሻሻ ማፈሻ ይዞ ወጣ። የቆሻሻ ማፈሻ!

እያፈርኩ የእኚያን አዛውንት በር አንኳኳሁና አካፋ እንዲያበድሩኝ ጠየቅኩ። ፊታቸው ሲበራ ብታዪ! ለዶሮ ወጡ እንዲህ አልሳቁም። አካፋውን መስጠት ብቻ አይደለም፣ ጓንታቸውን አጥልቀው ራሳቸው መጡ። ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚዛቅ ለባለቤቴ ሲያስተምሩት አረፈዱ። ደረጃችን ላይ ጨው በተኑልን። ስማቸውንም ያወቅነው ያን ቀን ነው።

እኛ ሐበሾች መስጠት እንወዳለን፤ መጠየቅ ግን ሞታችን ነው። አገር ቤት እኮ ጎረቤት የሚገባው ለመጠየቅ ነበር። እርሾ፣ ወንፊት፣ ጨው፣ ድሮ ደግሞ እሳት። አያቴ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ነበር ጎረቤት የምትሄደው። እዚህ ሁሉም ነገር በየቤቱ ስላለ መግቢያ ሰበብ አጣን። ስለዚህ ሰበብ ፍጠሪ። መሰላል ተዋሺ። መፍቻ ጠይቂ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰው የማይበዛው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ። ዝም ብለሽ ብትሰጪያቸው ይጨነቃሉ፣ በምን እንደሚመልሱት ያስባሉ። ስትጠይቂያቸው ግን እነሱም በሌላ ቀን አንቺን ለመጠየቅ አያፍሩም።

ቡናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። አዛውንቱ መጀመሪያ ቀን አቦሉን ጠጥተው፣ አመስግነው ብድግ አሉ። «እሳት ሊጭሩ ነው እንዴ የመጡት?» ልላቸው ነበር፣ በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ? ቶናና በረካ እንደሚቀር ሳስረዳቸው ኮታቸውን መልሰው ሰቀሉ። አሁን በረካ ሳይጠጡ አይነሱም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቡና ሲቆላ መስኮት ክፈቺ። የጭሱ አላርም ጮኾ ሕንፃው ሁሉ በፒጃማ ከወጣ፣ ትውውቁስ ትውውቅ ነው፣ ግን አይመከርም።

ደግሞ ኦገስት የመጀመሪያው ማክሰኞ ምሽት «ናሽናል ናይት አውት» የሚሉት አለ። ከ1984 ጀምሮ የሚደረግ ነው። የሰፈር ሰው ውጭ ወጥቶ እርስ በርሱም ከፖሊሶቹም ጋር ይተዋወቃል። ወንበር ይዘሽ ውጪ። ልጆች ከረሜላ ፍለጋ በየበሩ የሚያንኳኩበትን ሃሎዊንን ለአንቺ እተወዋለሁ፤ እኔ ራሴ መብራት አጥፍቼ የተቀመጥኩባቸው ዓመታት አሉ።

ከአርሊንግተን፦

ይሄ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው። እኔ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፤ ከሌሊቱ የፓርኪንግ ሥራ ስገባ ሰው ሲወጣ ነው። ግን እውነት ለመናገር አንዲት ሴትዮ አሉ፣ ንጋት ላይ ውሻቸውን ይዘው ሲወጡ በሩን እይዝላቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነን። የውሻውን ስም አውቃለሁ፣ የእሳቸውን ግን እስካሁን አልጠየቅኩም። አሁን ብጠይቅ አያሳፍርም?

ከሽቱትጋርት፣ ጀርመን፦

ወንድሜ፣ አያሳፍርም፤ የውሻውን ስም ካወቅክ ግማሹን ተዋውቃችኋል፣ ጠይቃቸው።

እኛ ጋ ሰበብ መፍጠር አያስፈልግም፣ ሰበቡ በርሽ ላይ ይንጠለጠላል። «ኬርቮኸ» ይሉታል። ተራሽ ሲደርስ ደረጃውንና መግቢያውን የምታጸጂበት ሳምንት ነው፣ ምልክቱን በርሽ ላይ ይሰቅሉልሻል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ጌጥ መስሎኝ እዚያው ተውኩት። ከታች ያሉት ሴትዮ አራት ቀን ታግሰው በአምስተኛው መጡ። ተቆጥተው ነው የመጡት፣ ግን ባልዲው የት እንደሚቀመጥ አሳይተውኝ ሄዱ። ፖስተኛውም ቤት ካጣሽ ዕቃሽን ለጎረቤት ሰጥቶ ወረቀት ጥሎልሽ ይሄዳል፣ ወደድሽም ጠላሽም ታንኳኪያለሽ።

እሁድ ግን ተጠንቀቁ፣ ጸጥታ የሚከበርበት ቀን ነው። ቡና በሙቀጫ ስወቅጥ ሴትዮዋ ከታች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡት። አሁን ቅዳሜ ወቅጬ አስቀምጣለሁ። ጣዕሙ አንድ አይደለም፣ ግን ምን ይደረግ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናቴ፣ ይሄን ሁሉ ስላጫወቱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት አልጋ ልገጥም ስል መፍቻ አጣሁና የ407ቱን ሰውዬ አንኳኳሁ። ሙሉ ሣጥን አወጣልኝ። የስንት ቁጥር እንደሆነ ሲጠይቀኝ አላወቅኩትም፣ መጥቶ አየና አንዱን ብሎን ራሱ አሰረልኝ። ብዙም አላወራን። ሣጥኑን ነገ እመልሳለሁ፣ ድፎ ዳቦም እያቦካሁ ነው። ጥቁር አዝሙድ ላድርግበት ወይስ ይቅር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

አድርጊበት። መጀመሪያ ግን የማይስማማው ነገር ካለ ጠይቂው። ሳህኑን ደግሞ ባዶውን ቢመልስ እንዳትቀየሚ።