አልጋ ላይ የቀሩ ሕሙማንን ቤት ለቤት ማገልገል፦ ከምን እንጀምር? (ሐዋሳ)

የሰንበት ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሐዋሳ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ነን፤ 12 እንሆናለን፣ 7ቱ ሴቶች። እስካሁን በዓል ሲደርስ ዘይትና ዱቄት ይዘን ነዳያንን እንጠይቅ ነበር። አሁን ግን ስትሮክ የመታቸውን፣ በእርጅና ደክመው ከአልጋ የማይነሡትን በየሳምንቱ ልናገለግል ተስማምተናል። «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለው የጌታ ቃል ደጅ ድረስ ደርሶ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብሎ መመለስ ብቻ አይመስለንም። ስንት ቤት እንያዝ? ገላ ማጠብ ለእኛ ይፈቀዳል? ምን ይዘን እንሂድ? የምታውቁ ምከሩን።

ነርስ ነኝ
እግዚአብሔር ሐሳባችሁን ይባርክ። 12 ሰው ማለት 6 ጥንድ ነው። ለመጀመሪያው ሁለት ወር ለአንድ ጥንድ አንድ ቤት ብቻ ስጡ። 30 ቤት መዝግቦ በወር አንዴ ብቅ ማለት ለሕመምተኛው የሚለውጠው ነገር የለም። ያው ጥንድ፣ ያንኑ ቤት፣ በያው ቀንና ሰዓት ይሂድ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ቀኑን ይቆጥራል፤ ቀርታችሁ ከምታሳዝኑት ባትጀምሩት ይሻላል።

ዋናው ጠላታችሁ የአልጋ ቁስል ነው። ሰውነት በአንድ ቦታ ተጭኖ ሲቆይ ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል፤ ይህ ደግሞ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ሊጀምር ይችላል። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የትከሻ አጥንት። በሄዳችሁ ቁጥር እነዚህን ሳታዩ አትውጡ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የጠቆረ ከሆነ ጀምሯል። ያን ቦታ በቅባት አታሹት! ብዙ ቤት ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፣ ነገር ግን ማሸቱ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ ከሥር ማድረግም ዙሪያውን ደም ያግዳል።

የሚጠቅመው ማገላበጥ ነው፤ በየ2 ሰዓቱ፣ ከግራ ጎን ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ቀኝ ጎን። በጎን ሲተኛ ክብደቱ በሙሉ ዳሌው ላይ እንዳያርፍ ከጀርባው ትራስ ደግፉና ጋደም ይበል። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ሌላ ትራስ አድርጉ። ወደ ትራስጌ ስታወጡት በብብቱ ይዛችሁ አትጎትቱት፣ ቆዳው ይላጣል፤ ከወገቡ ሥር የታጠፈ አንሶላ አንጥፋችሁ ከሁለት በኩል ይዛችሁ አንሡት። ላስቲክ የሚነጠፍ ከሆነ ከላዩ ወፍራም ጨርቅ ይኑር፤ በሐዋሳ ሙቀት ላስቲክ ቆዳ ከነካ ላቡ ብቻ ያቆስላል።

ገላ ማጠብ ትችላላችሁ፣ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት፣ ሁልጊዜም ራሳቸውን አስፈቅዳችሁ። ግማሽ ጀሪካን ውኃ፣ ሁለት ሳፋ (አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ)፣ ሦስት ትንንሽ ፎጣ፣ ጓንት። ውኃውን በክርናችሁ ለኩት። በርና መስኮት ዝጉ፤ የምታጥቡትን ቦታ ብቻ ገልጣችሁ ሌላውን ሸፍኑ። ከፊታቸው ጀምሩ፣ ዓይንን ያለ ሳሙና ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ከዚያ ክንድ፣ ደረት፣ እግር፣ ጀርባ። ኀፍረተ ሥጋ መጨረሻ ላይ፣ በአዲስ ውኃና በሌላ ፎጣ ነው፤ ለሴት ከፊት ወደ ኋላ ብቻ፣ አለበለዚያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። የጣቶች መሐል በደንብ ይድረቅ። ሽንት የሚያመልጠው ሰው ከሆነ ከታጠበ በኋላ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። የተበከለ ወለል ወይም ፖፖ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይጽዳ።

ቁስሉ ከተከፈተ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለ በቤት አትሞክሩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሐይቁ አካባቢ ላሉ ቤቶች ደግሞ አልጋው አጎበር እንዳለው እዩ፤ መነሣት የማይችል ሰው ከትንኝ መሸሽም አይችልም። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ።

ዲያቆን
ነርሷ ያሉት ላይ ስለ አሠራሩ ልጨምር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡ፤ ሰባቱ የተመረጡት በዕለት ዕለቱ እደላ መበለቶች ስለ ተዘነጉ ነው። ስለዚህ መዝገብ ያዙ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ፦ ቀን፣ ማን ሄደ፣ ምን ተደረገ፣ የቆዳው ሁኔታ፣ መድኃኒት አለ ወይስ አልቋል። ቤቶቹን ለማግኘት ወደ ዕድር ዳኞችና ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሂዱ፤ ማን በየትኛው ጓዳ እንደተኛ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወደ ሐዌላ ቱላ በኩል የምትወጡ ከሆነ ከጥንዱ አንዱ ሲዳምኛ የሚችል ይሁን። ሕመሙን በራሱ ቋንቋ የማይናገር ሽማግሌ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ሃይማኖታቸውን አትጠይቁ። ፎቶም አታንሡ፣ ለማኅበሩ ሪፖርት ቢሆን እንኳ። ገንዘብ የሚሰጥ ካለ በገንዘብ ያዡ በኩል ይለፍ፤ አገልጋዩ በኪሱ መስጠት ከጀመረ ያ ጥንድ ይናፈቃል፣ ሌላው ይጠላል።

ማርታ (ከወንጌላውያን ወገን)
ጌታ ይባርካችሁ። ሁላችሁም ስለ ታማሚው አወራችሁ፤ የምታስታምመዋስ? ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ በየ2 ሰዓቱ አገላብጪ የተባለችው እርሷ ናት፣ ሌሊትም ጭምር። የእናንተ ጥንድ ሦስት ሰዓት ቢቀመጥላት ትተኛለች፣ ገበያ ትደርሳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ለእኔ ከገላ ማጠቡ ይህ ይበልጣል። ማገላበጡንም አብራችሁ ሥሩና አሳዩዋት፤ እናንተ በሳምንት አንድ ቀን ናችሁ፣ ስድስቱ ቀን የእርሷ ነው።

ስለ ምግብ፦ ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ አይጋደሙ። ስትሮክ የመታቸው ከሆነ ማንኪያው ግማሽ ብቻ ይሞላና በደህናው ጎን ይግባ፤ ቀጣዩን ከመስጠታችሁ በፊት መዋጣቸውን እዩ። ከዋጡ በኋላ የሚያስሉ ወይም ድምፃቸው ጉሮሮ ውስጥ ውኃ እንዳለበት ዓይነት ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ አቁሙና ሐኪም ይያቸው። ቀጭን ውኃ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ያንቃል። እንቅልፍ የተጫጫነውን ሰው በጭራሽ አታጉርሱ። ደግሞ እባካችሁ ለስኳር ሕመምተኛ ለስላሳ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የጠያቂ ነገር ሁልጊዜ ለስላሳና ብስኩት ነው።

የሰንበት ተማሪ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረን። አንድ እናት ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል ውሰዱኝ እያሉ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ይቻላል? ጸበል ስለሚጠጡም የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አቁመዋል።

ዲያቆን
መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ የቆየ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይንገራቸው። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ይህንኑ በይፋ ተናግረዋል። እናንተ ከምትከራከሯቸው የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ስለ ጾሙም እርሳቸውን ይጠይቁ፤ ታኅሣሥ 19 በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል መብላት የሚገባቸው ሆነው ሊጾሙ ይችላሉ።

ስለ ጉዞው፦ በዓሉ ቀን ከየአገሩ ሕዝብ ስለሚመጣ ወንበሩ በግፊያው መሐል አይንቀሳቀስም፣ ቢወድቁ ደግሞ የሚያነሣቸው ቦታ አያገኝም። ወር በገባ በ19 መታሰቢያው አለ፤ የኅዳሩን ወይም የጥሩን ምረጡ። ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሰው መሐል ይቀመጡ፣ ወንበሩ ታጥፎ በሌላ ባጃጅ ይሂድ። ከተቀመጡበት በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አድርጓቸው፣ የጅራት አጥንቱ ወንበር ላይም ይቆስላል። ቅያሪ ልብስ፣ ውኃና መድኃኒታቸውን ያዙ።