«ያልተዘመረለት» ተጫዋች ይባላል ወይ?

ሬኒር ጎዳና፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተይዣለሁ። ያለሁት ሲያትል ነው። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር አንድ ጨዋታ ጀምረናል። ሁሉም ከማሪነርስ የቤዝቦል ቡድን ብዙ ሰው የማያወራለትን፣ እሱ ግን የሚወደውን አንድ ተጫዋች ይመርጣል። ኬን ግሪፊ፣ ኤድጋር ማርቲኔዝ፣ ራንዲ ጆንሰንና ኢቺሮ ክልክል ናቸው። እነሱንማ ማን የማያውቃቸው አለ! እኔ የመረጥኩትን በቤተሰብ ቴሌግራም ላይም ለጠፍኩት። «ያልተዘመረለት ተጫዋቼ ዊሊ ብሉምክዊስት ነው» አልኩ። ደብረ ታቦር ያለው አጎቴ ድጓ የተማረ ነው። ወዲያው ደወለ። «ደግሞ ለኳስ ተጫዋች መዘመር ጀመራችሁ?» አለኝ። ሳቅን፣ ስልኩ ተዘጋ። ቃሉ ግን ከዚያ ወዲህ እየቆረቆረኝ ነው። ምን ልበል?

ብራና ፋቂ፦
አጎትህ እውነት አላቸው። «ያልተዘመረለት» ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ጋዜጠኞች አስገቡት፣ አሁን «ያልተዘመረለት ጀግና» የማይል የመታሰቢያ ጽሑፍ የለም። ዘመረ ማለት እግዚአብሔርን በዜማ አመሰገነ ነው። «ዘምሩ ለአምላክነ ዘምሩ።» አለቀ።

ሸንኮራ፦
አላለቀም ወንድሜ። ቀጣዩን ለምን ቆረጥከው? «ዘምሩ ለንጉሥነ ዘምሩ» ይላል። ለንጉሥ ከተዘመረ ለቤዝቦለኛ ምን ያግደዋል?

ብራና ፋቂ፦
መዝሙር 46ን እስከ መጨረሻው አንብበው። ንጉሡ ማን እንደሆነ እዚያው ይነግርሃል። ግማሽ ጥቅስ ይዞ ሙግት አይገባም።

ሸንኮራ፦
ግማሹን ያመጣኸው አንተ ነህ እኮ 😂

የነታንያዋ፦
እኔ ካለሁበት ልንገራችሁ። በዕብራይስጥ «ዛማር» ማለት ዘፋኝ ነው። ሠርግ ላይ የሚዘፍነውም፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚዘፍነውም ዛማር ነው። ሥሩ ያው ዘ-መ-ረ ነው። አያቴ መጀመሪያ እዚህ ስትመጣ ሬዲዮው «ዛማር» ባለ ቁጥር ጸሎት የሚጀመር እየመሰላት ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። ሌላም አለ። በዕብራይስጥ ይኸው ሥር የወይን ተክል መግረዝም ይሆናል።

ሸንኮራ፦
እንግዲያው «ያልተዘመረለት» ማለት ያልተገረዘ ነው። አጎትህ ይህን ሲሰሙ ይባስ ይደውላሉ።

የቆሎ ተማሪ፦
ጎበዝ፣ ቀልዱን ተዉትና የተማረ ይናገር። እኔ ዙር አባ ወርጄ ዝማሬ መዋሥዕት ተምሬአለሁ። ዝማሬ ከቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች አንዱ ነው፤ ከቁርባን ጋር የሚሄድ ዜማ ነው። ቃሉ ከዚያ ቦታ ተነሥቶ ዱላ ይዞ ኳስ ወደሚመታ ሰው ሲሄድ ዝም ብዬ አላይም። ለዓለማዊው «ዘፈነ» አለላችሁ።

ሸንኮራ፦
መምህር፣ በግእዝ ዘፈነ ጨፈረ አይደለም እንዴ? የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈነች ሲል ጨፈረች ማለት ነው፣ ድምፅ አላወጣችም። ስለዚህ «ያልተዘፈነለት» ብንል ያልተጨፈረለት ይሆናል።

የቆሎ ተማሪ፦
በግእዝ አዎ። በአማርኛ ግን ቃሉ ዞሯል።

ሸንኮራ፦
ዘፈነ መዞር ከቻለ ዘመረ ለምን አይዞርም?

የቆሎ ተማሪ፦
ስንት ዓመት ነው የተማርከው አንተ ልጅ?

ሸንኮራ፦
በሰንበት ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት፣ እዚህ ቤት ሰባት 😀

አራት ዓይና፦
ዋናውን ረሳችሁት። «አዝማሪ»ስ? ሥሩ ያው ዘመረ ነው። አዝማሪ ደግሞ ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ለተቀመጠው ሁሉ ነው የሚገጥመው። ሁለት ብር ለሰጠው ያሞግሳል፣ ለነፈገው ይሸረድዳል። ይህ ቃል ከቤተ መቅደስ ወደ ጠጅ ቤት ከወጣ ቆየ ማለት ነው። «ያልተዘመረለት» ስንል እኔ የሚታየኝ አዝማሪ ያልገጠመለት ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ተዉት፣ ከራሳችን ቤት ይፈታል።

ብራና ፋቂ፦
አዝማሪ ከዘመረ አይደለም የሚሉም አሉ።

አራት ዓይና፦
ማን ናቸው? የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ግለጥና ገጹን አምጣ።

(ብራና ፋቂ ገጹን አላመጣም። እስካሁን።)

አዲሱ ገበያ፦
ለሰው አይዘመርም የምትሉ፣ ለጊዮርጊስማ ስታዲየም ውስጥ ይዘመር የለም ወይ? ቢጫና ብርቱካናማ ለብሰን ስንት ዓመት ጮኸናል!

የቆሎ ተማሪ፦
ክለቡና ሰማዕቱ ይለያያሉ ወንድም።

አዲሱ ገበያ፦
አንድ ዓይነት ስም ነው ያለው፣ እኔ ምን ላድርግ።

ሬኒር ጎዳና፦
ወገኖቼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ቃሉን አላገኘሁም። ምናልባት ሰውየውን ብነግራችሁ ይረዳ ይሆናል። ዊሊ ብሉምክዊስት የተወለደው ብሬመርተን ነው፤ ከሲያትል በጀልባ ተሻግረህ የምትደርስበት ከተማ። የሰፈር ልጅ በሉት። ከ2002 ጀምሮ ለማሪነርስ ተጫወተ፣ ሄደ፣ በ2014 ተመልሶ መጣ። ከወርዋሪና ከመቺው ጀርባ ከሚቀመጠው ያዥ በስተቀር ሜዳ ላይ ያልቆመበት ቦታ የለም። ዛሬ ሁለተኛ ቤዝ፣ ነገ ግራ ሜዳ፣ ከነገ ወዲያ ወንበር ላይ። አንድም ቀን ኮከብ አልነበረም። እኔ ግን አዲስ መጥቼ ቋንቋው ሲያስቸግረኝ፣ በአንድ ሥራ ጠዋት መኪና ማቆሚያ፣ ማታ ጽዳት ስመደብ፣ ቴሌቪዥን ላይ እሱን ሳይ «ይኼ ሰውዬ የኔ ቢጤ ነው» እል ነበር።

አራት ዓይና፦
ይኼማ ቃል አለው! «ሁለገብ» ነው።

ሸንኮራ፦
ሁለገብ፣ ሰርጎ ገብ፣ ጣልቃ ገብ። «ገብ» ሁልጊዜ ሳይጠራ የሚገባ ነው። ሰውዬው ግን አሠልጣኙ ሲጠራው ብቻ ነው የገባው።

አራት ዓይና፦
ኧረ ባክህ! ሁለገብ ትምህርት፣ ሁለገብ አዳራሽ ሲባል ማን ጣልቃ ገባ?

ብራና ፋቂ፦
ሁለገብ ችሎታውን ነው የሚናገረው። ጥያቄው ስለ ዝናው ነው። እኔ «ስመ ጥር ያልሆነ» እላለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦
ስመ ጥር ላይ «ጥር» ከየትኛው ጠራ ነው? ሰው ከሚጠራው ወይስ ውኃ ከሚጠራው? በግእዝ ጸርሐ ጮኸ ነው፣ ጸርየ ንጹሕ ሆነ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ጠራ አድርጎ ቀላቅሏቸዋል። ከንጹሑ ከሆነ «ስመ ጥር ያልሆነ» ማለት ስሙ የቆሸሸ ነው። ሰውየውን ሰደብከው።

ብራና ፋቂ፦
ከሚጠራው ነው እንጂ!

(እዚህ ላይ ሁለቱ ለብቻቸው አሥራ አራት መልእክት ተለዋወጡ። ዘለልኩት። ማንም አላሸነፈም። አራት ዓይና)

እማማ ሌማት፦
ልጆቼ፣ ስታነቡ አደራችሁ መሰለኝ። እኔ ቤዝቦል አላውቅም። ግን ሠርግ ቤት ዳሱ ውስጥ ሙሽራው ይዘፈንለታል፣ ሚዜው ይዘፈንለታል። ጓዳ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥና ወጥ ስታማስል ያደረችውን ማን ስሟን ያነሣል? እኛ እሷን «የጓዳ ሰው» ነው የምንላት። እሷ ባትኖር ሠርጉ የለም። የልጁ ሰውዬ የጓዳ ሰው ነው።

ሬኒር ጎዳና፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኼ ልቤ ገባ።

ሸንኮራ፦
እማማን አክብሬ፣ የጓዳ ሰው ሜዳ ላይ አይወጣም። ይኼ ሰው ግን ሃያ ሺህ ሰው እያየው ነው የተጫወተው። ይልቅ «ውስጠ ወይራ» በሉት። ላዩ ተራ እንጨት፣ ውስጡ ወይራ።

የቆሎ ተማሪ፦
ውስጠ ወይራ ቅኔ ቤት የሚነገረው ለደበቀ ነገር ነው። ላዩ ምስጋና፣ ውስጡ ስድብ ሊሆን ይችላል። ለትሑት ሰው አይሰጥም።

የነታንያዋ፦
እኛ ሰፈር ግን ለጠንካራ ሰው ይባላል። እናቴ ለአባቴ ትለው ነበር።

የቆሎ ተማሪ፦
እናትሽ ደብቃ ሰድባው እንደሆነስ?

የነታንያዋ፦
😳 አሁን ልጠይቃት ነው።

አዲሱ ገበያ፦
እኔም አንድ ልምረጥ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳነብ ከረምኩ። የ1995ቱን ጨዋታ ፈልጌ አየሁት፣ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ኒውዮርክ ያንኪስን ያሸነፉበትን። በስምንተኛው ዙር ዳግ ስትሬንጅ የሚባል ተቀያሪ ገባ። ዱላውን ሳይሰነዝር አራተኛውን መጥፎ ውርወራ አሳልፎ በእግሩ ወደ ቤዝ ሄደ፤ ቤዞቹ ሞልተው ስለነበር አንድ ሰው ገባ፣ ጨዋታው 4 ለ 4 ሆነ። የወርዋሪው 147ኛ ውርወራ ነበር። ምንም ሳያደርግ አዳናቸው! ሲያትል ውስጥ ስሙን የሚያነሣ አለ?

ሬኒር ጎዳና፦
ዱላውን አለመሰንዘር «ምንም አለማድረግ» አይደለም እንጂ ጥሩ መርጠሃል። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ የመረጠው ከዚያው ቀን ነው፣ ጆይ ኮራን። በ11ኛው ዙር 5 ለ 4 እየተመሩ ነው። ጆይ ኳሷን በዱላው ነካ ብቻ አድርጎ መሬት ላይ ጥሎ ሮጠ፣ ደረሰ። ቀጥሎ ግሪፊ መታ። ቀጥሎ ኤድጋር መታና ሁለቱም ሮጠው ገቡ፣ 6 ለ 5። መጀመሪያ የገባው ጆይ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ግን ኤድጋር መምታቱን፣ ግሪፊ ከሰው ክምር ሥር ሆኖ መሳቁን ነው። ጆይን የሚያስታውሱት ቀጥሎ በክሊቭላንድ ሲሸነፉ ወንበር ላይ ሲያለቅስ ነው።

አራት ዓይና፦
ቆይ፣ ቆይ። ስሙ ማን አልከው? ኮራ?

ሬኒር ጎዳና፦
አዎ፣ ጆይ ኮራ።

አራት ዓይና፦
ይኼን ሁሉ ቀን ምን ትሠራ ነበር ታዲያ! ተቀበሉ፦

ኬን ሮጦ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲጣራ፣
ቀድሞ የገባው ግን ጆይ ብቻውን ኮራ።

እማማ ሌማት፦
እልልልል!

የቆሎ ተማሪ፦
ኅብረ ቃሉ «ኮራ» ነው፣ ገባኝ። ሰሙ መኩራቱ፣ ወርቁ ስሙ። ግን ወርቁ ከሰሙ አልጠለቀም። የሰው ስም እንዴት ወርቅ ይሆናል?

ሸንኮራ፦
መምህር፣ ይኸው ተዘመረለት አይደል?

የቆሎ ተማሪ፦
ተገጠመለት። ተዘመረለት አልልም።

ሬኒር ጎዳና፦
ግጥሙን ለአጎቴ ላክሁት። «ጆይ ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ብሎ መለሰልኝ። የኔ ዊሊ ግን አሁንም ቃል የለውም። ሰዎች፣ ምን ልበል?

ብራና ፋቂ፦
«ኮራ» ራሱ ከየት እንደመጣ የምታውቁ አላችሁ? እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ።