ጌታ መወለዱን ለልጆች ለማስረዳት የማርና የውኃ ምሳሌ ይሆናል?

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ምሥራቅ ጎጃም
ሰላም ለእናንተ ይሁን መምህራን። ከ10 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች የልደትን ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። «አምላክ ከሆነ እንዴት ይወለዳል? ከዚያ በፊት አልነበረም ወይ?» ይላሉ። ተዋሕዶን፣ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን፣ በማርና በውኃ ልመስል አሰብሁ፤ ይስማማል? ደግሞ በ2020 ዓ.ም ገና ለምን ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ይጠይቃሉ።

ዘቢቸና
ማርና ውኃውን ይተዉት። ብርዝ ከሆነ በኋላ ማርም ውኃም አይባልም፤ ይህ ቱሳሔ (መቀላቀል) ነው። ሰርገኛ ጤፍም አይሆንም፤ ነጩም ቀዩም ፍሬ ለየብቻው ስለሆነ ትድምርት (መደመር ብቻ) ይባላል። ውኃ በእንስራ ቢሉም ኅድረት (ማደር) ነው፤ መለኮት በሥጋ አደረ የሚለው የንስጥሮስ ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

አባቶች የመሰሉበት የጋለ ብረት ይሻላል። ልጆቹ ማረሻ ሲቀጠቀጥ ያውቃሉ። ብረቱ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ እሳቱ የማረሻውን ቅርጽ ይይዛል፤ መዶሻ ሲያርፍበት ብረቱ ይቀጠቀጣል እንጂ እሳቱ አይጎዳም። ጉድለቱንም አብረው ይንገሯቸው፦ ብረት ይቀዘቅዛል፣ መለኮት ግን ከሥጋ ለቅጽበተ ዓይን አልተለየም። ይህን ካላሉ ምሳሌው ራሱ ወደ ፍልጠት (መለያየት) ይወስዳቸዋል።

የመጻሕፍት ተማሪ
ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ። ከሉቃስ 2 ከጀመሩ ልጆቹ ወልድ በግርግም የጀመረ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ዮሐንስ 1፥1፣ ቀጥሎ 1፥14፣ ከዚያ ወደ እረኞቹ ይሂዱ። ልደቱ ሁለት ነው፦ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። «ሰው ነበረ፣ አምላክ ሆነ» የሚል ቃል እንዳያመልጥዎ፤ አምላክ ሳይለወጥ ሰው ሆነ። ጎጃም ስለ ቅባት፣ ሥጋ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ከበረ ስለሚለው ትምህርት፣ ብዙ የተከራከረ አገር ስለሆነ አረጋውያን እያንዳንዱን ቃል ይመዝናሉ። በመንፈስ ቅዱስ ሌላ ልደት የሚጨምረው «ሦስት ልደት» የሚለው ትምህርት በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንደተወገዘም ይወቁ።

ባሕረ ሐሳብ
የቀኑ ነገር አጭር ነው። ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት 9 ወር ከ5 ቀን፣ 275 ቀን ነው። ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ አንድ ቀን ስለ ጨመረች በ2020 ዘመነ ዮሐንስ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ይደርሳል። ለልጆቹ ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ጌታ በማኅፀን ቀኑን ሳያጎድል እንደ እኛ ተቆጥሮለት ተወለደ፣ ሥጋን በእውነት ነሣ ማለት ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርገኛ ጤፉንና ብርዙን የስሕተት ማሳያ አድርጌ ባቀርባቸውስ?

ዘቢቸና
በጣም ጥሩ። ሁለቱን በእጃቸው ይያዙት፣ «አንድ ሆነ? ማንነቱ ጠፋ?» እያሉ ይጠይቋቸው፤ ብረቱን በመጨረሻ ያምጡት።

አንዲት እናት፣ ሞጣ
ቤተ ልሔምን አትርሱብኝ ልጆቼ! ትርጓሜው የእንጀራ ቤት ነው። በግርግም፣ ከብት በሚበላበት፣ የተኛው «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ያለው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ስሙ ቤተ ልሔም የሆነው በዚህ ነው። ከትምህርቱ በኋላ ልጆቹን ወደ ቅጥሩ ወስዳችሁ በውጭ ቆመው እንዲያዩት አድርጉ፤ ኅብስቱ ከዚያ ወጥቶ ወደ መቅደስ የሚገባበትን መንገድም አሳዩአቸው።