ቀለም ሳይቀባ በቢዘን ሸክላ ላይ የሚወጣው ቀይ መስመር ከምን ይመጣል?

ጀማሪዋ ሸክላ ሠሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት በአንድ ዐውደ ርእይ ላይ ከጃፓን፣ ከቢዘን የመጣ ትንሽ ጽዋ በእጄ ይዤ የማየት ዕድል አገኘሁ። ገጹ ፈዘዝ ያለ የስንዴ መልክ አለው፤ ወገቡ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ ብርቱካንማ ቀይ መስመሮች ተጠላልፈውበታል። አስጎብኚው «ቀለምም ሆነ የሚያብረቀርቅ ቅብ የለበትም» ከማለት በቀር አላብራራልኝም። የእኛም ጀበናና ምጣድ ያለ እንዲህ ያለ ቅብ ስለሚሠሩ ነገሩ ይበልጥ አጓጓኝ። መስመሩ እንዴት ይወጣል? በእኛ ጭቃና እሳትስ ሊሞከር ይችላል?

የእቶን ወዳጅ፦
ያዩት ጌጥ «ሂዳሱኪ» ይባላል፤ የሚያወጣውም የሩዝ ገለባ ነው። በኦካያማ ግዛት፣ በኢምቤ አካባቢ የሚሠሩት የቢዘን ሸክላ ሠሪዎች ገለባውን በመጀመሪያ የተጠቀሙበት ለጌጥ አልነበረም፤ ተደራርበው የሚተኮሱ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ያደርጉት ነበር። ገለባው ተቃጥሎ ሲጠፋ በነካበት ቦታ ቀይ አሻራ ስለተወና አሻራውም ስለተወደደ፣ ኋላ ላይ ሆን ተብሎ ይጠመጠም ጀመር።

ምክንያቱ ገለባ በውስጡ የያዘው ፖታሲየም ነው። ሙቀቱ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ፖታሲየሙ ገለባው የነካውን ገጽ ብቻ በስሱ ያቀልጠዋል፤ እቶኑ ቀስ እያለ ሲበርድ ደግሞ በጭቃው ውስጥ የነበረው ብረት ሄማታይት የተባለ ደቃቅ ቀይ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ገለባው ምክንያት ሆነ እንጂ ቅላቱ የራሱ የጭቃው ነው።

ኦካያማ የኖርኩ፦
በዚያ አገር ሳለሁ አንድ ሸክላ ሠሪ እቶን ሲሞላ አግዤ ስለነበር ጥቂት ልጨምር። ብዙ ሰው የቢዘንን መልክ «እሳቱ እንዳደረገው» ብሎ ይተወዋል፤ እኔ ግን ጌጡ የሚሠራው ዕቃው በሚደረደርበት ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ገለባው በእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ እስኪለሰልስ ድረስ ይዘጋጃል፣ በጽዋው ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያም ጽዋው የእንጨት አመድ እንዳይነካው በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይከተታል። አመዱ የሚፈለግበት ዕቃ በተቃራኒው ወደ እሳቱ ፊት ይቀርባል፤ የፓይን እንጨት አመድ እላዩ ላይ አርፎ ሲቀልጥ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ስለሚመስል ይህን ጌጥ «ጎማ»፣ ማለትም ሰሊጥ ይሉታል። በሳህን ላይ ክብ ነገር አስቀምጠው አመዱን ከከለከሉት ደግሞ የተሸፈነው ቦታ ቀይ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙ «ቦታሞቺ» ነው፣ ከሩዝ ኬክ የተወሰደ። ሠሪው እያንዳንዱን ዕቃ ከማስቀመጡ በፊት ነበልባሉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያስባል፤ አንዲት ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አዙሮ ሲያስቀምጣት አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ድረስ ሌት ተቀን እንጨት ይጨመራል።

ይህ ዕውቀት በዘመናት መካከል ደክሞ ነበር። በሞሞያማ ዘመን፣ ማለትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለሻይ ሥርዐት ይሠሩ የነበሩትን ዕቃዎች መርምሮ የቢዘንን ሥራ ያነቃቃው ሸክላ ሠሪው ካኔሺጌ ቶዮ ሲሆን፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ጃፓን ለታላላቅ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎቿ በምትሰጠው ማዕረግ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ተብሎ ተሰይሟል።

የጭቃ መምህር፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። በክፍት እሳት አይሆንም፤ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮስ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ በታች ነው የሚቀረው። የጀበና ጭቃ ደግሞ 1200 ዲግሪ ላይ ሊንጋደድ ወይም ሊቀልጥ ይችላል፤ ይህም ጉድለቱ አይደለም፣ እሳት ላይ እየተጣደ እንዲያገለግል የተዘጋጀ ጭቃ ነውና። የቢዘን ዕቃ በአንጻሩ ጭቃው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምድጃ ላይ ቢጣድ ይሰነጠቃል።

የኤሌክትሪክ እቶን ካገኙ ግን ይቻላል፤ በጃፓንም ሂዳሱኪ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከፍተኛ ሙቀት የሚችልና ብረት ያለበት ጭቃ ይምረጡ፣ በስሱ ጠምጥመው በክዳን ባለው የሸክላ ሣጥን ውስጥ ያስገቡት፣ ማብረዱንም አያጣድፉት። የሩዝ ገለባ ከፎገራ ማግኘት አይቸግርም።

ጀማሪዋ ሸክላ ሠሪ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምማርበት ቦታ የኤሌክትሪክ እቶን ስላለው በሦስት ትናንሽ ጽዋዎች እጀምራለሁ፤ አንዱን በፎገራ ሩዝ ገለባ፣ አንዱን በጤፍ ጭድ፣ ሦስተኛውን ባዶውን አስገብቼ ውጤቱን ከፎቶ ጋር እዚሁ አቀርባለሁ።